ማይል ለማይቸኩል ሰው

አሜሪካ ያለን ሐበሾች ስንሰባሰብ የምናነሳቸው ጉዳዮች ድሮ የታወቁ ነበሩ፤ የቤት ዋጋ፣ የልጆቻችን አማርኛ፣ የአገራችን ፖለቲካ። አሁን አራተኛ ተጨምሯል። «አንተ የትኛውን ካርድ ነው የያዝከው?» ይባላል፤ ሲገዙበት የአውሮፕላን ማይል የሚያስቆጥረውን ክሬዲት ካርድ ማለት ነው። ይህ ጥያቄ የማይገባበት ቤት የለም። ክርስትና ላይ ይነሳል፤ ከቅዳሴ በኋላ መኪና ማቆሚያው ላይ ይነሳል፤ የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ተራ የሚጠብቁ ባለታክሲዎች ይከራከሩበታል። ለቅሶ ቤት እንኳ፣ ንፍሮው እየዞረ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቅ አይጠፋም። መልስ የሚሰጠውም ሰው በመልሱ ብቻ አይለቅህም። ስልኩን ያወጣና «ሊንኩን ልላክልህ፤ በእኔ በኩል ከገባህ ለእኔም ትንሽ ማይል ይጥሉልኛል» ይላል። ባንኮቹ አጎቴን፣ ጎረቤቴንና የክርስትና ልጄን ያለ ደመወዝ ሻጭ አድርገው ቀጥረዋቸዋል።

ምኞቱ እንኳ የሚነቀፍ አይደለም። እናቱን ካየ ዓመታት ያለፉት ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ይፈልጋል። አራት ትኬት ሲደመር ደግሞ አንድ ያገለገለ መኪና ይገዛል። «ካርድ ብታወጣ በነፃ ትሄዳለህ» ሲባል ጆሮውን ቢያቆም አይፈረድበትም። የሚያስመርረው ጆሮውን ካቆመ በኋላ የሚሰማው ነው።

መጀመሪያ የሚሰማው ይህን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባ ማይልስ የሚባል የራሱ ማይል አለው። እንግዲህ በኢትዮጵያ አውሮፕላን ለመሄድ ሼባ ማይልስ ማጠራቀም ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የዋህ ነው፤ ትልልቆቹ የአሜሪካ ባንኮች በካርዳቸው ለገዛ ሰው የሚሰጡት ፖይንት ወደ ሼባ ማይልስ አይዛወርም። አየር መንገዳችን በ2011 መጨረሻ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ስታር አሊያንስ የሚባለው ማኅበር ውስጥ ስለገባ፣ መንገዱ በማኅበርተኞቹ በኩል ነው። የዩናይትድ ማይል ይሠራል። የኤር ካናዳ ማይል ይሠራል። የኮሎምቢያው አቪያንካ ማይልም ይሠራል። የቼዝ ባንክ ፖይንት ወደ ዩናይትድና ወደ ኤር ካናዳ ይሄዳል፤ ወደ አቪያንካ አይሄድም። የአሜሪካን ኤክስፕረስና የካፒታል ዋን ፖይንት ወደ ኤር ካናዳና ወደ አቪያንካ ይሄዳል፤ ወደ ዩናይትድ አይሄድም። አንዴ ካዛወርከው ደግሞ «ተሳስቻለሁ፣ መልሱልኝ» ማለት የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የጎንደር ልጅ ቦሌ ለመድረስ በአሜሪካ ባንክ በኩል የኮሎምቢያ ማይል ያጠራቅማል። ይህን ለእናቱ በስልክ ሊያስረዳ የሞከረ ሰው ያውቀዋል።

ቀጥሎ ቦነሱ አለ። ማይል በዶላር አንድ አንድ እየተለቀመ የትም እንደማይደርስ ባንኩም እኛም እናውቃለን፤ ስለዚህ ማጥመጃው የመግቢያው ስጦታ ነው። «በሦስት ወር ውስጥ አራት ሺህ፣ አምስት ሺህ ዶላር ካወጣህ ይህን ያህል አሥር ሺህ ማይል።» ስጦታው ሕግ አለው፤ ሕጉም አንድ አይደለም። ቼዝ ጋ ባለፉት 24 ወራት አምስት ካርድ ያወጣ ሰው አይስተናገድም። ይህን ባንኩ በይፋ አያስተዋውቀውም፤ አመልካች ሁሉ ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይዞታል። አሜሪካን ኤክስፕረስ ጋ የአንድን ካርድ ቦነስ በዕድሜህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትወስደው። ስለዚህ ቅደም ተከተል አለ፤ የቱን አስቀድሞ የቱን ማስከተል እንደሚገባ አለ፤ ባል በሊንክ ሚስቱን የሚጋብዝበት፣ ሚስት ከስድስት ወር በኋላ ባሏን መልሳ የምትጋብዝበት ስልት አለ። በቤተሰብ ጉባኤ የሚወሰን ጉዳይ ሆኗል። ለልጆቹ ለኮሌጅ የሚሆን ገንዘብ ይቀመጥ ወይ ተብሎ ይህን ያህል አልተመከረም።

እሺ፣ አምስት ሺውን ዶላር እናውጣ። በምን? እዚህ ላይ ነው ካርዱ እኛን አስቦ እንዳልተሠራ የሚታየው። የኛ ገንዘብ የሚወጣባቸውን በሮች ቁጠሩ። የቤት ኪራይ በቼክ ነው፤ በካርድ ልክፈል ብትል ቤት አስተዳዳሪው ሦስት በመቶ ገደማ ይጨምርብሃል። ዕቁብ በጥሬ ገንዘብ ወይም ዜል በሚባለው የስልክ ገንዘብ መላኪያ ነው። ዕድር እንዲሁ። የቤተ ክርስቲያን ስእለት፣ የአገር ቤት መዋጮ፣ ልጆቻችንን የሚጠብቁልን እትዬ፣ ሁሉም ካርድ አያውቁም። ሐበሻ ሱቅ ገብተህ እንጀራና ሚጥሚጣ ስታነሳ «ከ10 ዶላር በታች በካርድ አንቀበልም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ባለሱቁ አይፈረድበትም፣ ከ2010 ጀምሮ ሕጉም ይፈቅድለታል። ከሁሉ የሚበልጠው ወጪያችን ደግሞ ወደ አገር ቤት የምንልከው ነው። «እሱንስ በክሬዲት ካርድ ልላከው» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ባንኩ እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ይቆጥርበታል። ማይል አይሰጠውም፤ ቅጣት የመሰለ ክፍያ ይጨመርበታል፤ ወለዱም ከዚያው ቀን ይጀምራል። እናቱን የሚጦርበት ገንዘብ ለእናቱ መሄጃ አይቆጠርለትም ማለት ነው። በከፍተኛ ደረጃ የሚቆጠርለት ሆቴል፣ ሬስቶራንትና የአየር ትኬት ነው፤ ማለትም ድሮውንም የሚሄደውና የሚበላው ሰው ወጪ።

ሬስቶራንት ካልኩ አይቀር ይህንንም ልናገር። በልማዳችን ሒሳብ ሲመጣ ጠብ ነው። «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» እየተባለ እጅ ለእጅ ይያዛል፤ አስተናጋጇ ማንን እንደምትሰማ ግራ ይገባታል። ጠቡ ዛሬም አለ፤ ለሚያይ ሰው ያው ነው የሚመስለው። ግን ሬስቶራንት ላይ በዶላር ሦስት ፖይንት የሚሰጡ ካርዶች ከመጡ ወዲህ ጠቡ ስለ ሌላ ነገር ነው። ያሸነፈው ሰው ካርዱን ሰጥቶ፣ ፈርሞ፣ ጥርሱን ፍቆ ሲያበቃ «ሠላሳ ስምንት ሠላሳ ስምንት ዶላር ዜል አድርጉልኝ» ይላል። ክትፎውን ሁላችንም ከፈልን፤ ፖይንቱን እሱ ወሰደ። እንደ ጋባዥ አመስግነነው እንወጣለን። አንዳንዱማ ይህን አውቆ ከሩቅ ወዳጆቹን ይሰበስባል፤ ብዙ ሰው በተቀመጠ ቁጥር የሦስት ወሩ ግዴታ ቶሎ ይሞላለታላ! ሠርግ የደረሰበት ዘመድማ ዕድለኛ ነው፤ የአዳራሹን ሒሳብ በካርዱ የሚከፍልለት በጎ አድራጊ ከየአቅጣጫው ይመጣለታል።

ይህ ሁሉ ተለፍቶ ማይሉ ተጠራቀመ እንበል። አሁን ወደ ዋናው ምሬት ደረስን። ይህ ሥርዓት የተሠራው ለማይቸኩል ሰው ነው። ማክሰኞም ሐሙስም ቢሄድ ግድ የማይሰጠው፣ ሊዝበን ካልተገኘ ኦስሎ ይሁን የሚል፣ መሄድን እንጂ የት መሄድን የማይመርጥ ሰው አለ፤ ማይል ለእሱ ነው። የኛን ቀን የሚቆርጠው ሌላ ነው። ገና ቀኑ አይነቃነቅም። ጥምቀትም እንዲሁ። ሠርጉ ዐቢይ ጾም ሳይገባ መሆን አለበት። የልጆቹ ትምህርት የሚዘጋው በክረምት ነው። ሰማንያውም ሙት ዓመቱም ቀን አለው። የምንሄድበትም ከተማ አንድ ነው። እነዚያን ቀኖች አየር መንገዱም ያውቃቸዋል። በዶላር የሚሞላለትን ወንበር ለማይል አይለቅም፤ ቢለቅም ጥቂት ነው፤ ለሌላ አየር መንገድ ማይል ለያዘ ሰው የሚተርፈው ደግሞ ከጥቂቱም ጥቂት ነው። ሰኔና ታኅሣሥ ላይ ገብታችሁ ፈልጉ። የምታገኙት በሦስት ከተማ አዙሮ፣ አንድ ሌሊት የሆነ ኤርፖርት ወንበር ላይ አሳድሮ፣ ሻንጣውን አንድ ቀን አስቀድሞ ወይም አዘግይቶ የሚያደርስ መንገድ ነው። አንዳንዴም ወንበሩ አለ ይላል፤ ስትጫነው የለም ይላል። ስልክ ትደውላለህ፤ ሙዚቃ ትሰማለህ።

መርዶን ደግሞ ተዉት። ሰው አባቱ ሲሞትበት ወዳጆቹ በሌሊት ተሰብስበው ይመክራሉ። በልማዳችን መርዶው ከመነገሩ በፊት ትኬቱ ቢያልቅ ይመረጣል፤ ሰውየው ሰምቶ ሲያለቅስ «ነገ ጠዋት ነው በረራህ» ማለት አንድ ማጽናኛ ነው። ከመቶ ሺህ በላይ ማይል እንዳለው ሁሉም ያውቃል፤ ባለፈው ክርስትና ላይ እሱው አውርቶላቸዋል። ግን ማይሉ የተቆለፈው በእሱ ፓስወርድ ነው። «ወንድሜ፣ እስቲ ፓስወርድህን ንገረን» ብሎ መርዶ ያልሰማን ሰው መጠየቅ አይቻል ነገር! አንዱ ብድግ ብሎ በራሱ ካርድ ይቆርጥለታል፤ ገንዘቡ ኋላ ይዋጣል። ባለ መቶ ሺህ ማይሉ ሰው አባቱን ለመቅበር በመዋጮ ይሄዳል፤ የትኬቱ ፖይንት ደግሞ ለቆረጠለት ሰው ገቢ ይሆናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሐዘንተኛው ተመልሶ ሒሳቡን ሲከፍት ማይሉ አለ፤ የሚገዛው ግን ቀንሷል።

ይህ መቀነስ ራሱን የቻለ ምሬት ነው። ቀድሞ ትልልቆቹ አየር መንገዶች ሰንጠረዥ ነበራቸው፤ ከዚህ አህጉር እዚያ አህጉር ይህን ያህል ማይል ተብሎ የተጻፈ። ሰው ያንን አይቶ ያጠራቅም ነበር። ደልታ ሰንጠረዡን በ2015 አነሳ፤ ዩናይትድ በ2019፤ አሜሪካን ኤርላይንስ በ2023። አሁን ዋጋው በየቀኑ እንደ ወንበሩ ገበያ ይወጣል ይወርዳል፤ መውረዱን ያየ ሰው ጥቂት ነው። ብር ከዶላር ጋር ሲረክስ ቢያንስ ብሔራዊ ባንክ መግለጫ ያወጣል፤ በ2024 ሐምሌ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በማግሥቱ አገር ሁሉ ያወራው ስለዚያ ነበር። ማይል ሲረክስ መግለጫም የለ፣ ዜናም የለ። አንድ ቀን ገብተህ ስታይ በቆጠርከው ልክ የአንድ ሰው መሄጃ ብቻ ሆኖ ታገኘዋለህ፤ መመለሻው የለም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ያሉት አባቶቻችን አውሮፕላን ሳያዩ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ በሒሳብ መዝገባቸው ላይ አለ። አሜሪካን ኤርላይንስ ይህን የማይል ነገር በግንቦት 1981 ሲጀምር የሚያመላልሰውን ደንበኛ ማመስገኛ ነበር። ዛሬ ማይሉን በብዛት የሚገዙት ባንኮች ናቸው፤ ከአየር መንገዱ በጅምላ ገዝተው ለኛ በችርቻሮ ያድሉናል። ደልታ በ2024 ከአሜሪካን ኤክስፕረስ ብቻ ያገኘው ገንዘብ 7.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ኮሮና ሰማዩን ባዶ ባደረገበት በ2020 ዩናይትድ የማይል ክፍሉን አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ፤ ያንን ክፍል በ22 ቢሊዮን ገደማ ነበር የገመተው፤ ኩባንያው ሙሉው ከነአውሮፕላኑ በአክሲዮን ገበያ ያን ያህል በማያወጣበት ጊዜ። ደልታም በዚያው ዓመት 9 ቢሊዮን፣ አሜሪካን ኤርላይንስ በ2021 10 ቢሊዮን በዚሁ መንገድ አገኙ። እንግዲህ አውሮፕላኑ ቆሞ ማይሉ ብድር የሚያስገኝ ከሆነ፣ የእኔና የእናንተ መሳፈር አለመሳፈር ማንን ያስጨንቃል? አንድ ገንዘብ አለ፤ የሚያትመው፣ ዋጋውን የሚወስነውና የሚገዛውን ዕቃ በእጁ የያዘው ያው አንድ አካል ነው። በዚህ ገንዘብ እኛ ለክፉ ቀን እንቆጥባለን።

ዓመታዊ ክፍያውስ? ቼዝ ሳፋየር ሪዘርቭ የሚባለው ካርድ በ2016 ሲወጣ 450 ዶላር ነበር፤ ያኔ ሰው እንዲህ ተሻምቶበት የሚሠራበት ብረት እስኪያልቅ ደርሶ ነበር። በ2025 ዋጋው 795 ዶላር ሆነ። የአሜሪካን ኤክስፕረስ ፕላቲነም በዚያው ዓመት ከ695 ወደ 895 ወጣ። «ግን እኮ ከዚያ በላይ ይመልስልሃል» ይሉሃል። ፕላቲነሙ የሚመልሰውን ልቁጠርላችሁ። በሩብ ዓመት 75 ዶላር፣ ሉሉሌመን ከሚባል የስፖርት ልብስ ቤት ከገዛህ። በሩብ ዓመት 100 ዶላር፣ ሬዚ በሚባል መዝገብ ውስጥ ካሉ ሬስቶራንቶች ከበላህ። በየወሩ 15 ዶላር ለኡበር፤ ከወሩ ካለፈ ይቃጠላል። ጣት ላይ ለሚጠለቅ ቀለበት መሳይ ጤና መለኪያም 200 ዶላር አለው። ኡበር እየነዳ የሚኖረው ወገኔ ለኡበር መሳፈሪያ የተሰጠው 15 ዶላር እንዳይቃጠልበት በወሩ መጨረሻ የጓደኛውን መኪና ጠርቶ ይሳፈራል። የትኛው በወር፣ የትኛው በሩብ ዓመት፣ የትኛው በግማሽ ዓመት እንደሚያልቅ ለማወቅ የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ያስፈልጋል። እናቱን ለማየት ካርድ ያወጣ ሰው፣ ገንዘቡ እንዳይባክንበት የማይፈልገውን ሱሪ ሲገዛ ይውላል።

የኤርፖርቱ ማረፊያ፣ ላውንጅ የሚሉትም እንዲሁ ነው። ደለስ ላይ ካፒታል ዋን በ2023 ያማረ ላውንጅ ከፍቷል፤ ሌሎችም አሉ። ካርዱ ያስገባሃል። ግን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው እንዴት እንደሚሄድ እናውቃለን። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሃያ ሦስት ኪሎ ሻንጣ ይፈቀዳል፤ እኛ ሁለት ሃያ ስድስት ይዘን እንመጣለን። ሻንጣው ወለል ላይ ይከፈታል፤ የአክስት መድኃኒት ወደ እጅ ቦርሳ፣ የወንድም ልጅ ጫማ ወደ ሌላው ሻንጣ፣ ላፕቶፑ ወደ ልጁ ጀርባ ይዛወራል፤ ሸኚው ያልተቻለውን ይዞ ሊመለስ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ፍተሻው አለ። ላውንጅ ለመቀመጥ የሚተርፈው ጊዜ ቡና አያስፈላም። ደርሰህም ከሆነ በር ላይ ሰልፍ አለ፤ ካርዱን ሁሉም ይዞታል። አማትህንና ልጆችህን ይዘህ ስትደርስ ደግሞ «አንተ ግባ፤ ለነሱ ክፈል» ትባላለህ። አሜሪካን ኤክስፕረስ ከ2023 ጀምሮ በራሱ ሴንቱሪየን ላውንጆች እንግዳ በነፃ ለማስገባት በዓመት 75 ሺህ ዶላር በካርዱ ማውጣትን ይጠይቃል። አማቱን ውጭ ወንበር ላይ አስቀምጦ ገብቶ ሻይ የሚጠጣ ሐበሻ ካለ እስቲ ስሙን ንገሩኝ።

ይህን ሁሉ ማን ይከፍላል የሚለው ጥያቄ ሲነሳ ጨዋታው ይቀዘቅዛል። በካርድ በተገበየ ቁጥር ባለሱቁ ሁለት በመቶ፣ ከዚያም በላይ ይቆረጥበታል። እሱም ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። የተጨመረውን ካርድ የያዘውም ያልያዘውም እኩል ይከፍላል፤ ፖይንቱን የሚያገኘው ግን አንዱ ብቻ ነው። የቦስተን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ተመራማሪዎች በ2010 ሲያሰሉት፣ በጥሬ ገንዘብ የሚገዛ አማካይ ቤተሰብ በዓመት 149 ዶላር በካርድ ለሚገዙት ይደጉማል፤ በካርድ የሚገዛው ቤተሰብ ደግሞ 1133 ዶላር ይጠቀማል። በጥሬ ገንዘብ የሚገዛው ማን ነው? ትናንት በዲቪ መጥቶ ክሬዲት የሌለው፣ ገንዘብ ሲያስይዙ ብቻ የሚሰጠውን ካርድ እንኳ ገና እየለመነ ያለ ዘመዳችን ነው። ከዚያ ደግሞ ወለድ የሚከፍሉት አሉ። አማካዩ የካርድ ወለድ ባለፉት ዓመታት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ለቦነሱ ብሎ 5 ሺህ ዶላር አውጥቶ ዓመቱን ሙሉ ያልከፈለ ሰው በ21 በመቶ 1050 ዶላር ወለድ ይወጣበታል። ያ አንድ ትኬት ነው፤ የሄደበት ግን ሌላ ሰው ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ስቶክሆልምና ፍራንክፈርት ያሉ ዘመዶቻችን ይህን ወሬያችንን ሲሰሙ ይገረማሉ። እነሱ ጋ ከ2015 ጀምሮ ባንኮች ከባለሱቁ በክሬዲት ካርድ ግብይት የሚወስዱት ከ0.3 በመቶ እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ስለዚህ የሚታደል ማይልም ያን ያህል የለም፣ ስለ እሱ የሚያወራም የለም። ትኬታቸውን በገንዘባቸው ይቆርጣሉ፤ ለቅሶ ቤት ስለ ሟች ያወራሉ። እዚህ አገር ይህን ክፍያ ለመቀነስ ያለመ ሐሳብ በምክር ቤት ሲነሳ አየር መንገዶቹ «ማይላችሁን ሊወስዱባችሁ ነው» ብለው ተነሱ። እኛም ደነገጥን። ያልተጠቀምንበትን ነገር እንዳይወስዱብን ፈራን።

መንግሥትም አላየም አይባልም። በመስከረም 2024 የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ አሜሪካንን፣ ደልታን፣ ዩናይትድንና ሳውዝዌስትን ስለ ማይላቸው ዋጋ መቀነስና ስለ ስውር ክፍያዎቻቸው አስረዱ ብሎ ጠየቀ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የተጠቃሚዎች ገንዘብ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ደንበኛ ያገኘውን ሽልማት ኋላ ዋጋ ማሳጣት ሕግ መጣስ ሊሆን እንደሚችል አስጠነቀቀ። ደብዳቤው ተጻፈ፤ የኔ ማይል ግን አልጨመረም።

እስቲ አንድ ተራ ሒሳብ እንሥራ። አዲስ አበባ ለመድረስና ለመመለስ 80 ሺህ ማይል ይበቃል እንበል፤ አንዳንዴ ይበቃል፣ አንዳንዴ አይበቃም። በዶላር አንድ ማይል በሚሰጥ ካርድ ያንን ለማግኘት 80 ሺህ ዶላር ማውጣት ያስፈልጋል። ያንኑ 80 ሺህ ዶላር ዓመታዊ ክፍያ በሌለው፣ በየግብይቱ ሁለት በመቶ ጥሬ ገንዘብ በሚመልስ ካርድ ያወጣ ሰው 1600 ዶላር ያገኛል። እንዲህ ያሉ ካርዶች አሉ፤ ከሲቲም ከዌልስ ፋርጎም ይገኛሉ። የካርዱ ቀለም አያምርም፤ ብረት አይደለም፤ ጠረጴዛ ላይ ሲጣል አይጮህም። ሊንኩን ላክልኝ የሚልህም የለም። ክርስትና ላይ «እኔ ሁለት በመቶ ነው የሚመልሱልኝ» ብትል ሰው በሐዘኔታ አይቶህ ወደ ጎረቤቱ ይዞራል። የቦነሱን ነገር በሥርዓት የሚሠራ፣ ወለድ የማይከፍል፣ ጊዜ ያለው ሰው ከዚህ በላይ ያገኛል፤ አልክድም። ግን ያ ሰው ሥራ ነው የሚሠራው፤ ከፈረቃው ወጥቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ፣ እኩለ ሌሊት ላይ የሚሠራው ሁለተኛ ሥራ። በሰዓት ስንት እንደሚያገኝ አስልቶ አያውቅም፤ ቢያሰላ ይተወዋል።

ስለዚህ ደክሞኛል። በዚያች የማታምር ካርድ እገዛለሁ፤ ሒሳቧን በየወሩ እዘጋለሁ፤ የመለሰችውን ጥቂት ገንዘብ የባንክ ደብተር ላይ እጥላለሁ። በችኮላ ቀን ትኬት በዶላርም ይወደዳል፤ እሱን ማንም አያስቀረውም። ግን በዶላር ወንበር አለ፤ በሦስት ከተማ አያዞርም፤ ወዳጆቼም ሌሊት ሲመክሩ ፓስወርዴን አይፈልጉትም።